የሌለችው ሰዓት

ክላክስቪክ፣ ወደቡ ዳር፣ ከዓሣ መጋዘን በላይ
አንዲት ክፍል ነበረችን፣ መስኮቷ ማዕበል የሚያይ።
ሥራችን አንዲት ጥያቄ፣ ለደሴት ሰው የምትከብድ፦
«ጀልባዋ ዛሬ ትሄዳለች? ልቅር ወይስ ልውጣ መንገድ?»
መልሷን በየኪሱ እናደርሳለን፣ ነፋሱ ሳይቀድመን ገና፤
እኔ እጽፋለሁ፣ ባርዱር ይፈትሻል፤ እንዲህ ኖርንና

ሰባት ስልክ ነበሩት፣ በፕላስቲክ የዓሣ ሣጥን፤
አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ የሟች ሚስቱ፣
አንዱ ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ።
ለውጥ ባስገባሁ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝም ብትሆን፣
ሰባቱንም በየተራ ይነካካል በአውራ ጣቱ።
ሠላሳ ዓመት የጀልባ ገመድ የጎተተ ሰው፤
«ያልነካሁትን አልለቅም»፤ ንግግሩ ይኸው ነው።

ከዚያ እኔ መስመሩን ዘረጋሁ። ኮድ በላክሁ ጊዜ
ከሩቅ ያለ ማሽን ይነቃል፤ ይገነባል፤ ይፈትናል፤
ፊርማውን አትሞ ይለቃል፣ ያለ እንቅልፍ፣ ያለ ትካዜ።
ሃያ የውሸት ስልክ ከፍቶ፣ ሃያውንም ይዘጋል።
ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ። ሌላ ቃል የለም።
ባርዱር ቆሞ አየው። ምንም አላለም።

«እንግዲህ ጡረታ ነው?» አለ፣ ሣጥኑ ላይ እንደ ተቀመጠ።
«አይደለም» አልሁት፤ ድምፄ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ።
ክረምቱን ሙሉ መጣ፣ ጣቱ የሚያውቀውን ለማሽኑ ሊያወርስ፤
በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።
የአንዱን ስልክ ነገር ጽፎ ሲጨርስ፣ ያን ስልክ ያጠፋል።
ሰባተኛው የሚስቱ ነበር። አጠፋው፤ ኪሱ ከትቶ ወጣ።
መጸው ላይ ቀበርነው፣ ዝናቡ ከጎን እየመጣ።

መጋቢት፣ ሐሙስ ማታ። ለእሑድ ማዕበል ተብሏል፤ ቸኩያለሁ፤
ማስጠንቀቂያውን የሚያፋጥን አዲስ ኮድ ጽፌ ልኬያለሁ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ፈተና። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣
አንዷ ቀይ።
ደገምሁት፤ ቀይ። ተሳደብሁ፤ ማሽን ይሰማል እንዴ?

«ዝለለው» የምትል ቃል አለች፤ አንዲት መስመር ብትጨመር
ፈተናው ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔም እለቃለሁ ያለ ችግር።
ጣቴ እዚያ ደርሶ ሳለ፣ ከፈተናው በላይ
የባርዱር ማስታወሻ አለ፤ ሆሄ ገድፏል፣ ሦስት ቦታ ላይ፦

«በመጋቢት መጨረሻ እሑድ ሰዓት ይዘላል ወደ ፊት፤
ሰባት ተኩል የሚባል የለም፣ በዚያች አንዲት ሌሊት።
በዚያች ሰዓት የተቀጠረ መልእክት ግን አይሙት፤ ስምንት ተኩል ይድረስ።
አንድ ጊዜ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ልጄ ትኩሳታም ሕፃን ታቅፋ
ወደቡ ላይ ቆማለች፣ እስኪነጋ ድረስ።
ይህን አትሰርዙ።»

ቀን መቁጠሪያውን አየሁ። የመጨረሻው እሑድ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው።
የእኔ ፈጣን ኮድ የሌለችዋ ሰዓት ስትገጥመው
መልእክቱን ዝም ብሎ ይጥላል፤ አይጮኽም፣ አይቆጨው።

አረምሁ። ላክሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።
ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ቶሎ አለፉ፤ የእሱዋ ዘገየች፣
እሱም ሲነካካ ቀስ ይል ነበር፤
ከዚያ አረንጓዴ ሆነች።

መተግበሪያው ማንም ሳይነካው ወጣ፤ ማሽኑ ተመልሶ ተኝቷል።
ሣጥኑ ከእግሬ ሥር ነው። ስድስት ስልክ። ዛሬም ዓሣ ዓሣ ይሸታል።