ያልተቆጠረ አየር

ሰኞ ነው፤ አፉላ፣ ከጋራዦቹ ሠፈር፣
ሐምሲን እያንገጫገጨ ጣራና በር፣
አንዲት ነጭ ፔጆ፣ አራት መቶ አራት፣
ኋላዋ ክፍት፣ የጭነት፣
እንደ ዳገት የወጣ ሰው ቁና ቁና ስትተነፍስ፣
ጠፍታ ስትነሣ፣ ተነሥታ ስትጠፋ፣ መጣች እስከ ደጄ ድረስ።
ማክሉፍ ይገፋል በግራ፣ ዓምራም በቀኝ፤
ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ እንደ ዳኛ መሃል አቆሙኝ።

አባታቸው ሽንኩርትና ሐብሐብ የጫነባት፣
ሲሞት ለሁለት ተዋት፤
አንዱን ሳምንት ለታላቁ፣ አንዱን ሳምንት ለታናሹ።
"በእኔ ሳምንት ደኅና ነች" አለ ማክሉፍ፤ "የነካካት እሱ።"
"እሱ!" አለ ዓምራም፤ "ሦስት ካርቡሬተር ለወጠባት፣
እንደ ጫማ፤ አንዱም አልሆናት።"

ኮፈኗን አነሣሁ። ሚኒሞ ላይ አትረጋም፤
ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ጨርሳ አትሞትም፣ ጨርሳ አትድንም።
የድብልቁን ቡሎን በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ባዞር፣ ወደ ውጭ ባዞር፣
ስሟን እንዳልጠሩት ሰው፣ ያው የጀመረችው ነገር።
ካንዴላውን ፈትቼ አየሁ፦ ነጭ ነው፣
የጾመኛ ከንፈር ድርቀት ያለው።
ቤንዚን አይደለም የጎደላት፤
አየር ነው የተረፋት።
ሞተር ሒሳብ ያውቃል፤ ለአንዲት ጠብታ ይህን ያህል ትንፋሽ ብሎ ይሰፍራል፤
ከስፍሩ ውጪ፣ ሳይቆጠር፣ በሆነ ሽንቁር የሚገባ አለ፤ እሱ ያሰክራል።

የት?

ጎንደር ሳለሁ፣ ዕቃ አቀባይ ሆኜ በልጅነቴ ዘመን፣
ባሻ ፈንቴ የሚሉት መካኒክ ይለኝ ነበር፦ "ዓይንህን ጨፍን፤
ዓይን የሚያየው የሚያበራውን ነው፤ ጆሮ ነው የሚያገኝ የላላውን።"
ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ አንሥቼ፣
አንዱን ጫፍ ከጆሮዬ፣ አንዱን ከሆዷ አስጠግቼ፣
የፍሬኑን ቱቦ በፒንሳ ቆነጠጥኩ፦ ምንም።
ወደ ዲስትሪቢውተር የሚሄደውን፦ ምንም።
ማኒፎልዱን ከዳር ዳር ዞርኩ። የፋኑ ሽውታ፣
የቫልቮቹ ቀጭ ቀጭ፣ የጎረቤት መዶሻ፣
ከዚያ ከካርቡሬተሩ እግር ሥር፣ ከመጨረሻ፣
ስስስ፦
በጥርስ መሃል እንደ ተያዘ ስድብ፣
ሳይወጣ የሚያፏጭ፣ ወደ ውስጥ የሚስብ።

ማጠቢያውን እዚያች መገጣጠሚያ ላይ ፊስ አደረግሁ፤
የሞተሯ ድምፅ ሲሞላ፣ ሲቃና ሰማሁ፣
አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ፤ ወዲያው ደግሞ ጎደለ።
ወንድማማቾቹ፣ ሳያስቡት፣ አንገታቸውን አስግገው
አንድ ቦታ አዩ፣ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም ሳይቀራቸው።

በእኛ ቋንቋ ሰው ሲቀያየም "ነፋስ ገባ በመሃላቸው" ይባላል።
ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ዕብራይስጤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይንሸራተታል፤
"ሩዋሕ" አልኩ፣ "መሃል ላይ ሩዋሕ ገብቷል።"
ሐምሲኑን መስሏቸው
ዓምራም ሄዶ በሩን ዘጋው።

ፈታሁት። የብረቱ ከንፈር ተንሻፍፎ ተጣሟል፤
ጓርኒሲዮኑ በአንድ ጎን ተጨፍልቆ፣ በአንድ ጎን ብርሃን ያሳልፋል።
"ማነው ያጠበቀው?"
"እኔ" አለ ማክሉፍ።
ቆየና ዓምራም፦ "እኔም።"
በየሳምንቱ፣ ተራ በተራ፣ አንዱ የአንዱን እጅ ሳያምን፣
ሌላ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር፣ እንዳይላላ በሚል ሥጋት፣
ቀጥ ያለውን ብረት አጎበጡት።

መስተዋት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፌ
ስምንት ቁጥር እየሣልሁ ፋቅሁት፣ በላቤ አጥፌ
ያንን ጥላ። አዲስ ጓርኒሲዮን ቆረጥሁ።
ቡሎኖቹን በጣት ጀምሬ፣ ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ፣
ሲነካካ ተውኩት።
"ይኸው ብቻ?" አለ ማክሉፍ። "ይኸው ብቻ።"
ቺያቬውን፣ ሳያዩኝ፣ ኪሴ ከተትሁት።

ሒሳቡን ለሁለት ከፈሉ፣ ሳንቲም ሳይቀር።
ከዚያ ደጅ ወጥተው የማን ሳምንት እንደ ሆነ ጀመሩ መከራከር፤
ማክሉፍ በጣቱ ይቆጥራል፣ ዓምራም በበዓላቱ፤
እሷ ግን ሚኒሞ ላይ፣ ሳትወጣ፣ ሳትወርድ፣
መስተዋቷ ላይ የተንጠለጠለው የአባታቸው መቁጠሪያ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ፣
ትጠብቃለች ማን እንደሚገባ።

በሩን መልሼ ከፈትኩት።
ሐምሲኑ ገባ።