የቁልፍ ቤት

ሐሙስ ጠዋት፣ ጠባሴ፣ ውርጩ ከቆርቆሮው ሳይለቅ፣
ከቀበሌ አንዲት ልጅ መጣች፣ ቅጽ ይዛ ልትጠይቅ።
«ቤቶች!» ብላ ተጣራች፣ በር በሌለው በረንዳ፤
እኔና ሲንጀሬ ብቻ፣ ጀርባችን በሰው ግድግዳ።
አንድ ሰው ሆኖ «ቤቶች» መባል
ለካ ደግሞ ያሞቃል።

«ስም?» «ጌጤነህ ክፍሌ።» «ሥራ?» «ልብስ ሰፊ።» «የቤት ቁጥር?»
ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፣ ጎንበስ አልኩ ወደ መርፌው ሥር።
«እሺ፣ ቤትዎ የግል ነው፣ የኪራይ፣ ወይስ ጥገኛ ነዎት?»
ሦስት ትንንሽ ሳጥን፤ እኔን የሚያክል የሌለበት።

ተቀመጪ ልጄ፣ በርጩማው አይቆረቁርም።
የቱን ቤት ልንገርሽ?
ሞላሌ፣ ያባቴ ቤት፣ ካቡ እስከ ዛሬ ቆሟል፤
ታላቄ ገባበት፣ እኔን ስሙ ይበቃኛል፤
ለቅሶ ስሄድ እንኳ «የነክፍሌ ቤት ልጅ» ይሉኛል።
ንባብ ቤት ሁለት ክረምት፣ ዜማ ቤት አንድ መንፈቅ፤
መሪጌታው ድምፄን ሰምተው «አንተስ መርፌ ያዝ» አሉኝ በሣቅ።
እስር ቤትም ገብቻለሁ፣ አሥራ አንድ ቀን፣ በሰው ካፖርት ጦስ፤
ከቤት ሁሉ እሱ ነው፣ በሩን ከውጭ የሚዘጉልሽ።
ጠጅ ቤት ብዙ ዘመን፤
እሱን አትጻፊው።

ባለቤቴ ማንያህልሻል ትባል ነበር።
ሃያ ሁለት ዓመት በኪራይ፣ ካንዱ ጓሮ ወዳንዱ ጓሮ፣
አልጋችን በጋሪ ተጭኖ፣ ድስቱ በነጠላዋ ታስሮ።
ቤት ሳይኖረን ነው እሷን ባለቤቴ ያልኳት፤
የቤቱ ባለቤት ሌላ ነው፣ ወር በገባ የሚያንኳኳባት።
ልጅ ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን፣ እጁ በጠመኔ ነጥቶ፣
«ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ጎደሎ ነው» ይለን ነበር ተቆጥቶ።
ይኸው ስድስት ዓመቴ፤
ማሰሪያ አንቀጹ አለ፣ እሷ የለች፤
በላሁ፣ ሰፋሁ፣ ተኛሁ፣
ግስ ብቻ።

(ይሄም ግጥም ነው እንግዲህ፤ አንዳንዱ ስንኝ ቤት መታ፣
አንዳንዱም እንደኔ ደጅ አደረ፣ በሩ ሳይከፈትለት ማታ።)

ልጅቱ ዝም አለች። እስክሪብቶዋ በብርድ አልጽፍ ብሎ
በትንፋሿ ታሞቀዋለች።
ኮቷን አየሁት፤ ሁለተኛው ቁልፍ ከቤቱ ወጥቷል፣
ደረቷን ንፋስ ይገባዋል።
«ቁልፉ አለ፤ ቤቱ ነው የተተረተረው» አልኳት። «አምጪው።»
አውልቃ ሰጠችኝ፣ ቅጹን ደረቷ ላይ አቅፋ።
ዙሪያውን ዘመዘምኩት፣ ጠበቅ አድርጌ፣ በጥቁር ክር፤
ከጥፍር የማይበልጥ፣ ግን ገብቶበት የሚያድር።
ይኸን እንኳ እችላለሁ፣ በቀን አርባም አንዳንዴ፤
ስንት ቁልፍ ቤት አስገባሁ፣ ኪራይ ሳልጠይቅ አንዴ!

ለበሰች። ቆለፈች። እጇን ደረቷ ላይ ጥቂት አቆየችው።
ከሦስቱ ሳጥን አንዱንም ሳትነካ
ቅጹን አጠፈችው።
«ነገ እመለሳለሁ» አለች፣ ደረጃውን እየወረደች፤
«ከቤት እንዳይጠፉ።»