ቀዘፋ በደረቅ መሬት

ይሄ ጀልባ ውኃ አያውቅም፤
ቢቀዝፉትም አይርቅም።
አንድ መቀመጫ፣ አንድ ሰንሰለት፣
ሲጎትቱት የሚያፏጭ መንኮራኩር አለበት።
ከሱፐርማርኬቱ መግቢያ፣ ከጋሪዎቹ ሰልፍ አጠገብ
ሌሊት በስድስት ሰዓት ተከሉት፤ እውነተኛው ባሕር ከማዶ፣ ከሆሊሄድ ወደብ
ለራሱ ያጉረመርማል፤
የደብሊን መርከብ መጥቶ፣ ጥሩምባ ነፍቶ ይመለሳል።

ሃያ ሁለት ሰዓት ሊቀዝፉ ማሉ፤
«ለያንዳንዷ የኢስቲን ዓመት አንድ ሰዓት» አሉ።
ሄልማንድ አብረውት ዘምተው ያለ እሱ የተመለሱ፣
ዛሬ ጠዋት ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ።
ደረታቸው ላይ የሱ ፎቶ፣ ጆሮው ገንጠል ገንጠል ያለ፤
የቀዛፊው ላብ ሲወርድ፣ የሱም ግንባር ላብ አዘለ።

ከጎን ቀይ ባልዲ አለ፤ «እግር ለጎደለው» ይላል ጽሑፉ።
ጥለው አለፉ፤ ሳይጥሉም፣ ስልካቸውን እያዩ አለፉ።
አንድ ሽማግሌ ሃያ ፓውንድ አጣጥፎ
እንደ ደብዳቤ ከተተ፣ ኮፍያውን ገፎ።
አንዲት ሕፃን የኮቷን ቁልፍ በጥሳ ጣለች፤
እናቷ ስትቆጣት፣ «እግር ይሆነዋል» አለች።

እኔ አራተኛው ገንዘብ መቀበያ ላይ ነኝ።
አምስተኛ ክፍል ሂሳብ አስኮርጄዋለሁ፤ የቸኮሌት ዕዳ አለበት፣ አልከፈለኝ።

እና ያየሁትን ልናገር፦
ማሽኑ የቆመው ከበሩ ሴንሰር ሥር ነበር።
ቀዛፊው ወደ ኋላ በተለጠጠ ቁጥር በሩ ይከፈታል፤
የባሕር ብርድ ይገባል፤ የዳቦ ከረጢት ይንኮሻኮሻል።
ጎንበስ ሲል ይዘጋል።
ይከፈታል። ይዘጋል።
ማንም አልወጣ፣ ማንም አልገባ፤
መስታወቱ ግን ገለል ይላል፣ ለእንግዳ እንደሚገባ።

እናቱ ኔሪስ ባልዲው ዘንድ ቆማለች፤
በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች።
ሺህ ጊዜ ተከፈተ፤ ሺህ ጊዜ ባዶ።
አንገቷ ግን አይማርም፤ ያያል ከመስታወቱ ማዶ።

ሰዓት በተለወጠ ቁጥር እንደ ዋዛ ጣል ታደርጋለች አንድ ቃል፦
«አምስት። የፊት ጥርሱ ወለቀ።» «ዘጠኝ። ከድመቷ ጋር ተጣልቷል።»
«አሥራ ሰባት። ሳይነግረኝ ፈረመ።»

አሥራ አራተኛውን የቀዘፈው የእህቱ ልጅ ማክሰን ነው፣
አጎቱን በፎቶ ብቻ የሚያውቀው።
መዳፉ ውኃ ቋጠረ፤ ፕላስተር ለጠፍንለት።
«ጆሮዬ የሱን ይመስላል አይደል?» አለን፣ ማናችንም ሳንዘጋጅበት።

ሃያኛው ላይ ኔሪስ ዝም አለች።
ግሪፍ እግሩን ፈታ፤ ያቺ እግር ስኒከር እንዳጠለቀች
እንደ ታማኝ ውሻ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች።
«አይደክምህም?» ስለው፣ «እሱ ሲሸከመኝ
ደከመኝ አላለም» አለ። ሌላ አልነገረኝ።

ማታ አራት ሰዓት። ሃያ ሁለት ሞላ።
ጭብጨባ ሆነ፤ አንዱ አለቀሰ፤ አንዱ ሙዝ በላ።
ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ፕሮበርት ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ።
ኔሪስ ግን ባልዲውን አስቀመጠች። ኮቷን ሳታወልቅ
የእሑድ ጫማዋን ከመርገጫው ጋር አሰረች ጥብቅ።
«ሃያ ሦስት» አለች።
ያልኖረውን ዓመት መቅዘፍ ጀመረች።

ስፖርተኛ አይደለችም፤ ጉልበቷ ይንቋቋል፤
በሩ ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ ቆይቶ፣ ቆይቶ ይከፈታል።
አሁን ቀና አትልም፤ ጀርባዋ ወደ በሩ ነው፤
ቀዛፊ የሚሄድበትን አያይም፤ ትቶት የሚሄደውን ነው የሚያየው።
ሚስተር ፕሮበርት መብራቱን አላጠፋም።
ማንም «ይበቃሻል» አላላት፤ ማንም ሹልክ ብሎ አልጠፋም።

ገንዘቡን እኔ ቆጠርኩት፦
አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ፓውንድ፣ አንድ የኮት ቁልፍ።
ቁልፉን የትኛው ዓምድ ላይ ልጻፍ?

ሰኞ ማሽኑ የለም፤ በሩ ግን ልማዱን አልተወም፤
ይከፈታል፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም።
ቴክኒሻን ተጠራ፤ «ቀላል ነው» ብሎ አንድ ብሎን አጠበቀ።
አሁን የሚከፈተው ለሰው ብቻ ነው፤ እንግዳው አለቀ።
ወተትና እንቁላል እያሳለፍኩ ሥራዬን ስቀጥል፣
እኔ ነኝ እንግዲህ፣ በሩ ዝም ባለ ቁጥር ቀና የምል።