የማሳያው መዘውር

ካለፈው መስከረም ነው የነገሩ መነሻ፤
ወርቅ ቅብ መዘውር ገዛሁ፣ የዓሣ ማንሻ።
"ኩሽኔታው አሥራ ሁለት" ይላል ሣጥኑ ላይ የተጻፈው፤
እኔም የአውቶቡስ መካኒክ፣ ኖርፎክ ጋራዥ የምውለው፣
ኩሽኔታ ሲባል ልቤ ወከክ አለ፣ ኪሴም ተከተለው፤
ሠላሳ ዶላር ነው።

ሃተራስ ደሴት ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
እኔ፣ ዘንጌ፣ ባሕሩ፤ ሌላ የለም ፍጥረት።
ከበሮ የሚሉት ያ ቀይ ዓሣ መጣ
(ሆዱን ስለሚደልቅ ነው ስሙ የወጣ)።
ዘንጌ ተቆለመመ፣ ክሬ ጮኸ፣ ሄደ፤
እጄታውን ባዞር ማርሹ ባዶ ነጎደ፣
ጥርሱ እንደ ብስኩት ውስጥ ውስጡን ተናደ።
ዓሣው ከነመንጠቆው ወደ ቤቱ ገባ፤
እኔ ቆሜ ቀረሁ፣
በጫማዬ አሸዋ፣ በእጄ የወርቅ ካባ።
"ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት ነው" ሲሉ
ለካ መዘውርንም ይጨምራል ቃሉ።

ዘንድሮ በጥቅምት ስንዱ መቶ ዶላር ሰጠችኝ፤
"የልጅቱ ጥርስ ሽቦ አለ፣ ከዚህ በላይ እንዳታስወጣኝ።"
ባክስተን መንደር ውስጥ፣ ከመብራት ማማው አጠገብ፣
ቬልማ ጋስኪል ሱቅ አላት፤ መንጠቆና ክር፣ እርሳስና መረብ።
ሰባ ዓመት አልፏታል፤ አውራ ጣቷ ጠባሳ፣
ክር በጥቶት ነው አሉ፣ ሲታገላት አንድ ዓሣ።

ሦስት ደረደረችልኝ።
አንደኛው ሦስት መቶ፤ ጃፓን ነው ትውልዱ፤
ሳዞረው የልጄ ጥርስ ታየኝ፤ መለስኩት ወደ ዘመዱ።
ሁለተኛው አርባ፤ ቀለሙ የሚጮኽ፣ ኩሽኔታው አሥራ አራት፤
ያለፈው ዓመት ወንድም ነው፤ ከሩቅ አወቅኩት ሳይጠሩት።
ሦስተኛው ሰማንያ አምስት፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ደረቅ።
"የእንዝርቱን ከንፈር ዳስስ፤ ክር እዚያ ነው የሚያልቅ፤
ፍሬኑን ላላ አድርገህ ሳብ፤ እየዘለለ ከሰጠ፣ ራቅ።
ስንት ኩሽኔታ አለው ብለህ አትጠይቅ" አለች፣
"አሸዋ የሚያስገባ ስንት ቀዳዳ አለው በል" እያለች ገለበጠች።

እኔ ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ሰማ።
ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣
ቀለሙ የተላጠ መዘውር፣ ጎኑ ተሸርሽሮ፤
አንድ ማሙሽ ያዞረዋል፣ እጁ ላይ አይስክሬም፤
እናቱ ክር ስትመርጥ፣ እርሱ አይደክመው፣ መዘውሩም አይደክም።
ድምፁን አዳመጥኩት ዓይኔን ጨፍኜ፣
እንደ ሰኞ ጠዋት፣ ከሞተር ሥር ሆኜ።
ጥርስ ከጥርስ ሲናከስ አልሰማሁም፤ ሹክሹክታ ብቻ፤
ማርሽ ከማርሽ ጋራ የሚኖር ያለ ጥላቻ።

"ይህስ?" አልኳት። ሳቀች። "አይሸጥም፤ መጫወቻ ነው፤
ዘጠኝ በጋ ሙሉ የገባ ሁሉ ያዞረው፣
ሕፃን ሁሉ የላሰው፣ አንዴም ግራሶ ያልቀመሰው።
አዲሱ ያው ሣጥን ውስጥ አለልህ፤ ሦስተኛው፤ ጥቁሩ።"
"አዲሱን ማን ፈተነው?" አልኳት፤ "ለዚህ ግን አገር ነው ምስክሩ።
ከባሕሩ ዳር ጨው እንጂ ጨዋ አይገኝም፤
ለወርቅ ቅብ አያዝን፣ ለማስታወቂያ አይሰግድም።"

ዝም አለች።
"ሃምሳ" አለች በመጨረሻ፣ ካቻቢቴ አምጥታ፤
ሰንሰለቱን ፈታች፣ እንደ እስረኛ ይቅርታ።
ትርፍ እንዝርት ጨመረች፣ አሥራ ሁለት ዶላር፤
ሠላሳ ስምንት ተረፈኝ፣ ግብሩን ሳልቆጥር።

በዚያ ሌሊት ምንም አልያዝኩም።
ነፋሱ ከሰሜን ነበር፤ ሽሪምፔን ሸርጣን በላው፤
ዐሥር ጊዜ ወረወርኩ፣ ዐሥር ጊዜ ባዶ መንጠቆ ነው።
ብቻ ክሩ ሲመለስ፣ ክብ በክብ ላይ ሲተኛ፣
ሰማሁት ያን ድምፅ በማዕበሉ መሐል፣ የማይለማመጥ ጓደኛ።

ንጋት ላይ በቧንቧ ውሃ ጨዉን ሳጥብለት
እግሩ ሥር በሚስማር የተጫረ ፊደል አየሁበት፤
"ኮልቢ" ይላል፤ ጠማማ፣ የልጅ እጅ ሥራ።
ዝገቱን ስፈገፍግ፣
ስሙ ጋ ሲደርስ እጄ ፈራ።