ሲሊንደሩን ነቅንቆ

ሰኞ ጧት። ደጀን ላይ። ጉሙ ከዓባይ ወጥቶ
ቆሟል ከመስኮቱ፣ እንዳረፈደ ልጅ ለመግባት ፈርቶ።
እኔ በአጭር ጠመኔ፣
ፒ ቪ እኩል ይሆናል ኤን አር ቲ ብዬ ጻፍሁ፤
ሁለት ጊዜ አሰመርሁ፣ ዞርሁ፣ አረፍሁ።

«ስሙ» አልሁ፣ «ቅንጣቱ ነጥብ ነው፣ ገላ የለው፣
ወዳጅ አላፈራ፣ ባላንጣም የለው፤
ይጋጫል፣ ይነጥራል፣ ምንም አይጎድልበት፤
ከነካው ግድግዳ ትዝታ አይቀርበት።»

ይህን ስል ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ
አልጠየቅሁም።
አንድ ክፍል ኪራይ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ነገ ነው የምወጣ፣
ነገ ነው ዝውውሩ ከቢሮ የሚመጣ።

እጇን አነሣች አንጓች፣ የጎሚስታው ልጅ፣
ግሪስ ያለቀቀው ጥፍር፣ የሥራ እጅ፤
«መምህር፣ ካባቴ ሱቅ የቡታጋዝ ሲሊንደር
ስነቀንቀው፣ ሆዱ ውኃ ሲያንቦጫርቅ ነበር።
የማይተዋወቁ፣ የማይፈላለጉ፣ ገላም ከሌላቸው፣
ውኃ እስኪሆኑ ድረስ ማን ሰበሰባቸው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ የመምህር ሳቅ።
«ፈተና ላይ የለም» አልኋት፤
ደወል አዳነኝ ሳልታነቅ።

ማታ ሄድሁ ከሱቁ፣ ከቁልቁለቱ አፋፍ፤
በረሃውን ሊወርድ አይሱዙ በሰልፍ።
ኮምፕሬሰር ያጓራል። ሙጬ፣ የአንጓች አባት፣
ጌጁን በጥፍሩ መታ አርጎ ለሾፌሩ ሲነግራት
(መኪናዋን ነው «እሷ» የሚላት)፦
«በብርድ ስትነፋ ጥቂት ቀንስላት፤
የቀረውን ድርሻ በረሃው ይሞላላት።»

እስከዚህ ሕጌ ሠራ። ጎማ ውስጥ ያለው ግድፈት
ቢለካም አይሞላ የጌጁን መርፌ ውፍረት።
ሲሊንደሩ ግን ሌላ ነው። ሙጬ አዘንብሎ
«ጆሮህን» አለኝ። ሰማሁ። ቦጭ፣ ቦጭ፣ ምንጭ መስሎ።
«ሲሰፋበት» አለ፣ «ማንም ብቻውን ነው፤
ሲጠብ፣ ሲበርድ ነው ጎን ለጎን የሚተያየው።»

ወደ ቤት ስመለስ የቅዳሜን ሚኒባስ አሰብሁ፤
አምስት ሰው ሲሳፈር የትም ይበተናል፣ ትከሻም የለው።
ሃያ አራት ሲገባ
ክርን ይወጣዋል፣ ጉልበት ይወጣዋል፣
ረዳቱ ቢገፋ ቢገፋ በሩ አልዘጋ ይላል።
ይቺ ናት «ቢ» ማለት። የገላ ስፍራ።

«ኤ» ግን ከባድ ናት። ግድግዳ ሊመታ የሮጠው ቅንጣት፣
ጎረቤት ከኋላ ዘርፉን ይይዘዋል፣ በዝምታ ጉልበት።
ይደርሳል፣ ይመታል፣ ግን ግማሽ ልብ ሆኖ፤
ጌጁም ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱን ደፍኖ።

ሐምሌ ላይ ደብዳቤው መጣ። ሻንጣዬ ባስ ራስ ላይ ወጣ።
ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣
ሙቀቱ ጨመረ፣ ሰው ሁሉ አንገትጌውን በተነ።
ድልድዩ ላይ፣ ለሁለት ደቂቃ፣ እውነት እላችኋለሁ፣
ገላም ወዳጅም የሌለኝ፣ ያ የጻፍሁት ነጥብ ሆኜአለሁ።

ጎሃ ጽዮን ብርድ። ጃኬቴን ቆለፍሁ።
ከማዶ፣ ጉም ለብሳ፣ ደጀን።
የዕድር የሰኔ ብር አልከፈልሁም።
ሙጬ ለለጠፈው የብስክሌት ካላማዳሪ ዐሥር ብር።
ለአንጓች መልስ።
«ሻንጣዬን አውርድልኝ» አልሁት ረዳቱን።
ተሳደበ። አወረደ።

መስከረም ላይ ቀመሩን እንደገና ጻፍሁ፤
ከግፊቱ ጎን ደመርሁ፣ ከይዘቱ ላይ ቀነስሁ።
አንጓች ዐሥራ ሁለተኛ አልፋለች፤ ከበሩ ቆማ አየች።
«ፈተና ላይ ይወጣል?» አለች።
«አይወጣም» አልሁ።
ገለበጠችው።

ማታ ሽሮዬን ስሠራ ነበልባሉ ፈዘዘ።
ብረቱን ዳሰስሁት፤ እንደ ሰኔ መስኮት አልቦ ቀዘቀዘ።
አነሣሁት። ነቀነቅሁት። ጆሮዬን ደገንሁ።
ቦጭ አለ።
ገና አለ።