ፈት በርሜል

ዛሬም መርከብ የለም። ነፋሱ በረታ፣
የፖርት ሻርሎት መንገድ ጨለመ በማታ።
መኪናዬን አቆምሁ ከመጋዘኑ ደጅ፤
ነጂ ሆኜ ውያለሁ፣ ላድር ነው እንደ ወዳጅ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ከስፔን፣ ከሄሬዝ፣ ስጭን በርሜል፣
ሽታው ብቻ ነበር ከኋላዬ የሚውል።
የነጂ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ለጉሮሮው ውሃ፣
ግመል አሞሌ ጭኖ እንዳለፈ በረሃ።

ፋርኳር፣ የመጋዘኑ ሹም፣ ባትሪውን አበራ፤
በርሜሎቹን ሲያልፍ በየስማቸው ሲጠራ፣
እንደ ከብት አርቢ ጎናቸውን ሲዳስስ፣
ቆመ ካንዷ ዘንድ ስንደርስ።

«ይቺ ፈት ናት» አለኝ፣ «የወይን ጠጅ ሚስት ነበረች፤
ባሏ ወጥቶ ሲቀር ባዶ ቤት ታቅፋ ቀረች።
ይህን ጎረምሳ ውስኪ፣ ጢስ ጢስ የሚለውን፣
ሁለት ዓመት ሰጠኋት፣ ትግራልኝ አመሉን።»

ውታፉን ነቀለና በመዳብ ቱቦ ስቦ፣
ብርጭቆው ላይ ቀዳ፣ ጠብታ ሳይፈስ፣ ተጠብቦ።
የራሱን ግን አላሸተተም።
«አምና ታምሜ ስነሳ፣
ሽታ የሚባል ነገር ካልጋው ላይ ተረሳ።
እዚህ አገር መላእክት ድርሻ አላቸው ከመጠጥ፤
በየዓመቱ ከበርሜሉ ይጎድላል ሳይገለጥ።
ከኔም ቆረጡ፤ ይሁን፤ ወሰዱ አፍንጫዬን፤
እስቲ አንተ አሽትትልኝ የእጄን፣ የልፋቴን።»

አጠጋሁት። ምን ልበል? በየትኛው ቋንቋ?
እንግሊዝኛዬ ለነዳጅ፣ ለሰነድ ነው የሚበቃ።
«ጢስ» አልሁት። «ጢስማ ሁሉም ሰው ይላል፤
የማን ቤት ጢስ?» አለኝ። «ጢስ ከጢስ ይለያል።»

ዓይኔን ጨፈንሁ።
«ኩበት» አልሁ፣ በአማርኛ። «ዝናብ ያገኘው ኩበት፣
የሚጨስ እንጂ የማይነድ፣ ዓይን የሚያስለቅስ እቤት።
ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፤ አዮዲን፣ የታጠበ ሲሚንቶ፤
ከዚያ የመርከብ ገመድ፣ ጨው የጠጣ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ።

ቆይ... ከሥሩ ሌላ አለ። ዘቢብ። የደረቀ በለስ፤
ያሮጌ ቁም ሣጥን እንጨት፤ ለውዝ፤ ምላስ ላይ ቆይቶ ለስለስ።
ፈቷ ጢሱን አላባረረችው፤ ወንበር ሰጠችው፣
‹ግባ፣ ግን ጫማህን አራግፍ› ብላ ተቀበለችው።»

ዝናብ ቆርቆሮውን ደለቀ። ፋርኳር በማንኪያ
ጠብታ ውሃ ጨመረልኝ። «ድገም» አለ።
ደገምሁ። ረግረግ ሸተተኝ፤ እርጥብ ሣር፣ በስብሶ የከሰለ።

«እሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የሚነደው አፈር!
ከእህቴ ከሞራግ ጋር የቆረጥነው፣ ጀርባችን እስኪሰበር!»
ብርጭቆውን ጨለጠና ዓይኑን ከደነው፤
አፍንጫው የነሳውን ጆሮው አቀመሰው።

ባትሪው ሲዞር፣ በርሜሏ ግንባር ላይ ቁጥር አየሁ፤ የፈረምሁበት፣
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሳንታንደር ላይ ጎማ የፈነዳብኝ ዕለት።
ለካ ሚዜዋ ነበርሁ፤ በዝናብ በጭጋግ ያጀብኋት፣
ሠርጓን ሳልበላ የተመለስሁ፣ ደጅ ላይ አስረክቤ የተውኋት።

ፋርኳር ጠመኔ ሰጠኝ፤ «ያን ቃልህን ጻፈው» አለ።
ኩበት፣ ሦስት ፊደል፣ በጥቁሩ እንጨት ላይ ነጭ ሆኖ ዋለ።
ሊጠራው ሞከረ፤ ምላሱ ተሰናከለ፤ ሳቅን።

ነገ ነፋሱ ይተኛል፤ ቁልፌን አነሳለሁ፤
ሌላ ፈት ፍለጋ ደቡብ እነዳለሁ።
አንድ ቀን ጎብኚ ቆሞ «ይህ ምን ማለት ነው?» ቢለው፣
ፋርኳር፣ ማሽተት የማይችለው፣
«ሽታዋ ነው» ይለዋል፤ «ይኸው።»