ቆብ የደፋች ነ

ኬዮን ላይ፣ የቺሊ መንገድ ባሕር ገብቶ በሚያልቅበት፣
የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አለ፣ ቆርቆሮውን ጨው የበላበት።
ኖልፋ እዚያ ተቀምጣለች፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣
ከሦስት መስመር ኮድ ጋራ እልህ ይዛ ስትተናነቅ።

ኮዱ የተላከ ሎሌ ነው፤ ደጅ ይጠናል ከበሩ፣
መዝገቡ ካለበት ቤት፣ ጀልባ ሁሉ ከነቁጥሩ።
«ማነህ?» ይለዋል ዘበኛው።
«የኖልፋ መልእክተኛ ነኝ።»
«የይለፍ ቃልህስ?»
ይናገራል።
«አላውቅህም፣ አትጨቅጭቀኝ።»

አሥር ጊዜ ላከችው፤ አሥር ጊዜ ተባረረ።
ማቴ ሻይዋ በረደ፣ እኩለ ቀን ተሻገረ።
በኋላ ነው ያየቻት፣ ከቃሉ ጭራ ታክካ፣
አንዲት ባዶ ቦታ፣ ስትገለብጥ አብራ ሾልካ።
ምንም ያልሆነች ምንም!
ደመሰሰቻት። ዘበኛው ገለል አለ፤ ሌላ አልጠየቀም።

ስሞቹ ወረዱ ታዲያ፣ እንደ መረብ ዓሣ እየተንፈራገጡ፣
ጀልባና ባለጀልባ፣ ሟችና ቋሚ ሳይመርጡ።
ኤርሚኒያ አጠገቧ ናት፤ ፈቃድ ልታሳድስ መጥታ፣
የቦቲዋ ውኃ ወለሉን አርሶታል፣ ገና ከባሕር ወጥታ።
ጎንበስ ብላ ስሟን ፈለገች። ቆየች።
«ይኼ ምንድነው?» አለች።

?አንኮ ይላል ስክሪኑ፤ ከፊቱ የጥያቄ ምልክት፣
እንደ መንጠቆ የተቆለመመ፣ ዓሣ የሌለበት።
«ኛንኮ ነው የአባቴ ስም። ባሕሩ እሱን ሲወስደው
ሬሳውን አልመለሰም። ስሙ ብቻ ነው የቀረው።
እሱንም መጠየቂያ አደረጋችሁት?»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ መቃብር ለሌለውሳ?

ኖልፋ አልመለሰችላትም። የነሱ ኘ እንደኛው ናት፣
ነ ላይ ቆብ የተደፋላት፤
ኮዱና መዝገቡ ግን አንድ ፊደል አልቆጠሩም፣
በሩ ላይ ቆቧ ሲወልቅ ማንነቷን አላወቁም።

አንድ መስመር ጨመረች፣ ከይለፍ ቃሉ በታች፣
በየትኛው ፊደል እንደሚነጋገሩ ነግራ አስታረቀች።
እንደገና ላከችው ሎሌዋን።

ኛንኮ። ከነቆቡ።

ኤርሚኒያ አላመሰገነችም። በእርጥብ ጣቷ ስሙን ነካች፤
መስታወቱ ላይ የጨው አሻራ ትታ ወጣች።
ኖልፋ እስከ ማታ አልጠረገችውም።